የሠላሳ ዓመት ድግስ፣ ዝም ያሉትም እንዲመጡ

ጥያቄ

«ተወልጄ ያደግሁት አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት እንላት በነበረችው ከተማ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ የተፈተንነው በ1989 ዓ.ም. ስለሆነ በ2019 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ይሞላናል። አዲስ አበባ የምንኖር ጥቂት ጓደኞች ኮሚቴ አቋቁመን እኔ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ሰብሳቢያችን በንግድ የተሳካለት፣ እጁም የማይሰስት ሰው ነው፤ ዝግጅቱ አዲስ አበባ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል፣ በእራት ግብዣ፣ ከእነ ባለቤቶቻችን ይሁን ይላል። መዋጮው ከፍ ያለ ቢሆንም ‹መክፈል ለማይችሉት እኔ እሸፍናለሁ› ብሏል፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉትም ወደውታል። ችግሩ አዳማ የቀሩት ናቸው። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን አንድ ቃል አይጽፉም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠችውን ጓደኛዬን ደውዬ ብጠይቃት ‹እናንተ ተሰብሰቡ፤ እኔ ምን ብዬ እመጣለሁ?› አለችኝ። ሰብሳቢያችን ደግሞ ዝም ያለ ሰው አልፈለገም ማለት ነው፣ ከፈለጉት ጋር እንቀጥል ባይ ነው። ኮሚቴውን ሳልበትን ምን ላድርግ?»

ጸሐፊዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እኅታችን፣

ጓደኛዎ በአንዲት ዐረፍተ ነገር የነገረችዎ ኮሚቴው በስብሰባው ሁሉ ያላየውን ነው። «ምን ብዬ እመጣለሁ» ያለች ሴት የመዋጮው ገንዘብ ብቻ አስጨንቋት ላይሆን ይችላል። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዞረ «አንቺስ አሁን ምን ላይ ነሽ?» የሚባልበት ሰዓት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ የምትሰጠውንም መልስ ከአሁኑ እያሰበችበት ነው። ሰብሳቢያችሁ ዝምታን እንደ እምቢታ መቁጠሩ ትክክል አይደለም። በእኛ ዘንድ እምቢ የሚል ሰው እንኳ እምቢታውን በይሉኝታ ሸፋፍኖ ነው የሚናገረው፤ ባቹ ሁሉ በሚያየው ግሩፕ ላይ «ገንዘቡ በዛብኝ» ወይም «አፈርኩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ ስለ ቦታው፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ መዋጮውና ስለ ፕሮግራሙ የምትወስኑትን ሁሉ ለመምጣት በሚያመነቱት ሰዎች ለኩት። የሚመጣው ሰው ሆቴልም ሆነ ሜዳ ይመጣል፤ ውጭ አገር ቢሆን እንኳ ትኬት ቆርጦ ይመጣል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚኖረውን ሰው ግን የሚያስቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ ያቺን ትንሽ ነገር አስቀድሞ ማየት ደግሞ የኮሚቴው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ባቹ ማን ማን እንደሆነ ተስማሙ። እናንተ የማትሪክ ዘመን ልጆች ናችሁ። በ1989 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ የአዲስ አበባና የዓለማያ፣ ብቻ ስለነበሩ፣ ከኮሌጆቹም ጋር ተደምሮ ቢሆን ለአብዛኛው ተፈታኝ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ዛሬ በየክልሉ የምናያቸው ዩኒቨርሲቲዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ክፍል ተፋፍጎ ተቀምጦ፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ተካፍሎ ያነበበ ልጅ ውጤት በመጣበት ሳምንት ለሁለት ተከፈለ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ እንደ ፍርድ የተሸከመ ሰው አለ፤ በማትሪክ ተፈታኞች ስም የሚጠራ ዝግጅት ደግሞ ያንኑ ፍርድ ያድስበታል። እኔ ብሆን የጥሪውን ወረቀት «በ1986 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል አብረን የገባን» ብዬ እጽፈዋለሁ። እንዲህ ከሆነ አሥረኛ ክፍል ላይ የተዳረችው፣ አባቱ ሞቶበት ጋራዥ የገባው፣ ክፍል ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ከተፈተኑት ጋር የጨረሰውና ወደ ማታ ትምህርት የዞረችው ሁሉ የድግሱ ባለቤቶች እንጂ እንግዶች አይሆኑም።

ስማቸውን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት መፈለግ ይቻላል። የኮሚቴውን ደብዳቤ ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ቅረቡና የዚያን ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ሮስተር ካለ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሮስተር ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የየትምህርቱ ውጤት፣ አማካዩና ደረጃው ተደርድሯል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ተዛወረ» ወይም «ደገመ» የሚል ቃል ይገኛል። ያንን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ግሩፑ ላይ መልቀቅ አንደኛ ለወጣው ሳቅና ትዝታ ነው፤ ስልሳ ሦስተኛ ለወጣው ግን ግሩፑን ጥሎ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው። ስም ብቻ በእጃችሁ ገልብጣችሁ ውጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ እዚህ ያሉትን ማግኘት ይቀላል፤ ውጭ የሄዱት ግን አንዳንዶቹ በባላቸው ስም ስለሚጠሩ በፌስቡክ በድሮ ስማቸው ብትፈልጓቸው ላታገኟቸው ትችላላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ በቅጽል ስሙ የሚያውቀውን ልጅ ደግሞ በሮስተር ስሙ ብትጠይቁ «እንዲህ የሚባል አልነበረም» ትባላላችሁ፤ ስለዚህ ከስሙ ጎን ቅጽል ስሙን የምትጽፉበት ቦታ ይኑራችሁ። የእናንተን ባች የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። ማትሪክ በተፈተናችሁ በዓመቱ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቷል። ከመካከላችሁ ወደ ግንባር የዘመተም፣ ከእነ ቤተሰቡ ወደ አሥመራ የተባረረም ሊኖር ይችላል። የስልክ መስመሩ ለሃያ ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ የተከፈተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የዚያኛው ወገን ልጆች ከጓደኞቻቸው ዝርዝር ውስጥ ሳያውቁት ወጥተው ይሆናል። ዘማቹንም ተባራሪውንም እኩል ፈልጉ፤ ሁለቱም በ1986 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ።

ጥሪው በስልክ፣ ሰው ለሰው ይሁን። ለእያንዳንዱ ሴክሽን አንድ ደዋይ መድቡ፤ ደዋዩም ያንኑ ሴክሽን የተማረና በተለይም አዳማ የሚኖር ቢሆን ይመረጣል። በነገራችን ላይ ኮሚቴያችሁ ራሱ አዲስ አበባ በሚኖሩ ሰዎች ብቻ የተሞላ መሆኑ ከደብዳቤዎ ያስገረመኝ ነገር ነው። ከአባላቱ ቢያንስ ግማሹን ከአዳማ አድርጉ፤ ያን ጊዜ ዝምታው በየት በኩል እንደመጣ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ወደ ቦታው ልመለስ። የእኔ ምርጫ ያለ ማወላወል የትምህርት ቤታችሁ ግቢ ነው። ሆቴል ውስጥ ሰው የሚገባው ዛሬ በሆነው ማንነቱ ነው፤ በመኪናው፣ በልብሱ፣ አስተናጋጁን በሚጠራበት ድምፅ ይለያል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲገባ ግን ሁሉም ያንኑ በር፣ ያንኑ የሰልፍ ሜዳ፣ ያረፈደ ሰው የሚንበረከክበትን ያንኑ ቦታ ያያል፤ እዚያ ላይ ሚሊየነሩም ያረፈደ ተማሪ ነው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ አዳማ መድረስ እንደ ድሮው የቀን ሥራ አይደለም፤ ሁለት አውቶቡስ ተከራይታችሁ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ መመለስ ትችላላችሁ። ለግቢው ከርዕሰ መምህሩ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለስብሰባው ደግሞ ለከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ የማሳወቂያ ደብዳቤ አስቀድማችሁ አስገቡ። ባነሩ ላይ ናዝሬት ይጻፍ ወይስ አዳማ የሚል ክርክር እንደሚነሣ እገምታለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጽፋችሁ እለፉት።

ሰብሳቢያችሁ የሆቴሉን ነገር ካነሣ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። ሆቴሎች በነፍስ ወከፍ በሚነግሯችሁ ዋጋ ላይ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመራል፤ 2,000 ብር የተባለው እራት ደረሰኙ ላይ 2,530 ብር ሆኖ ይመጣል፤ መጠጡ ገና አልተቆጠረም። በዚያ ገንዘብ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበርና የድምፅ መሣሪያ ተከራይቶ፣ በሬ ተጥሎ ሰው ጠግቦ ይውላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፣ «እኔ እሸፍናለሁ» ወደሚለው ነገር እንምጣ። ሰብሳቢያችሁ ይህን ያለው ከልቡ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን የተሸፈነለት ሰው ስም የግድ አንድ ቦታ ይመዘገባል፤ ያንን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ የሚያውቅ ሰው ባይኖር እንኳ የተሸፈነለት ሰው ራሱ ያውቃል። ጉርሻ የሚጣፍጠው ሁለቱም ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ ነው። የአንዱ ተጋባዥ ሆኖ የመጣ ሰው በድግሱ ላይ እንደ ልቡ አይቀልድም፣ የዱሮ ቂሙን አያነሣም፣ በጊዜም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ መዋጮው ለሁሉም እኩልና ትንሽ ይሁን፤ መጠኑንም መጀመሪያ የሚናገሩት አዳማ ያሉት አባላት ይሁኑ፤ አዲስ አበባና ውጭ ያሉት ደግሞ ያንን ተቀብለው እንዳይጨምሩበት። በብር እንጂ በዶላር አይነገር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ውጭ ላለው ሰው ቀላል የሆነው መቶ ዶላር እዚህ ላለ አስተማሪ የወር ደመወዙ ሊሆን ይችላል፤ «መቶ ዶላር ብቻ» የሚል አንድ መልእክት ስንቱን አንገት እንደሚያስደፋ አስቡት። ተጨማሪ መስጠት የሚፈልግ ሁሉ ለገንዘብ ያዡ ብቻ ይላክ፤ ግሩፑ ላይ የሚወጣው ዝርዝር «ከፍሏል» ከማለት በቀር የብር መጠን አይኑረው። ትንሿንም መዋጮ መክፈል ላልቻለ ሰው የሴክሽኑ ደዋይ ለገንዘብ ያዡ በቃል ይንገረው፤ ስሙ እንደማንኛውም ሰው «ከፍሏል» ተብሎ ይግባ፤ ነገሩም እዚያው ይቅር።

ሰብሳቢውን በስብሰባ ላይ አይከራከሩት። በሰው ፊት የተነካ ለጋስ ሰው ሐሳቡን ሳይሆን ክብሩን ወደ መከላከል ይሄዳል። ለብቻው ቡና ጋብዘው የጓደኛዎን ቃል ስሟን ሳይጠሩ ይንገሩትና እንዲህ ይበሉት፦ «አንተ ልትሸፍን ያሰብከውን ገንዘብ ሰው ላይ ሳይሆን ድንኳኑ፣ አውቶቡሱና ጄኔሬተሩ ላይ አውለው፤ ያን ጊዜ መዋጮው ለሁላችንም ይቀንሳል፤ ማንም የማንም ባለ ዕዳ አይሆንም።» ልግስናውን አትቀሙት፣ አቅጣጫውን ብቻ አዙሩለት። እንደምገምተው ይህ ሰው የሚፈልገው እንዲታይ ሳይሆን ነገሩ ያማረ እንዲሆን ነው፤ ያማረ ነገር ሠርቶ የሚያሳይበት ቦታ ስጡት።

ስለ ቀኑ የእኔ ሐሳብ ቅዳሜ ጥር 1 ወይም ቅዳሜ ጥር 8 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። የነቢያት ጾም ታኅሣሥ 28 ያበቃል፤ ረመዳን በዚያ ዓመት የሚገባው በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን ዐቢይ ጾምም በየካቲት መጨረሻ ይጀምራል። ለገና ወይም ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡትም በእነዚህ ሳምንታት አገር ውስጥ ይሆናሉ፤ ዝናብም ስለሌለ ድንኳኑ ይበቃል። ክረምት ላይ የሚመጡ ብዙ ስለሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ይሻላል የሚል ይኖራል፤ ግን ጭቃ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ማንንም አያስደስትም። መምጣት የማይችሉት አሜሪካ ያሉ ጓደኞች ደግሞ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በፈረንጆቹ ሐምሌ መጀመሪያ በሚካሄድበት ሳምንት ብዙ ሰው ስለሚገናኝ የራሳቸውን ማታ እዚያው ቢያዘጋጁ ያምራል።

ድግሱን ማታ ሳይሆን ቀን አድርጉት፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ማታ መኪና የሌለው ይቀራል፤ ልጆች ያሏት እናት ትቀራለች፤ መጠጥ የሚበዛበትን ቦታ የማይወድ ሰውም ይቀራል። ባለቤቶችን በተመለከተ ከሰብሳቢው ጋር አልስማማም። የማያውቁትን ሰው የትዝታ ሳቅ እያዳመጠ የሚሰላች ባል ወይም ሚስት ሲኖር ጓደኛ ለጓደኛ ልቡን አይከፍትም። ቅዳሜው ለአብሮ አደጎች ብቻ ይሁን፤ ቤተሰብ ይዞ ሶደሬ መውረድ የሚፈልግ እሑድ ይውረድ።

ምግቡ ላይ ብዙ ኮሚቴዎች ሲሳሳቱ አያለሁ። አዳማን የመሰለ የሙስሊምና የክርስቲያን ከተማ ልጆች ሆናችሁ፣ አንድ ጥግ ላይ «የሙስሊም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁለት ትሪ አስቀምጦ ጨረስን ማለት አይገባም። ከበጀቱ ድርሻቸውን ለሙስሊም ጓደኞቻችሁ አስረክቡ፤ እርዱን፣ ድስቱን፣ ቢላውንና ወጥ ቤቱን እነሱ በሚያምኑት መንገድ ያዘጋጁት፤ መቅረቢያው ጠረጴዛም በስፋትና በማማር ከሌላው እኩል ይሁን። በግል የሚጾሙ ሰዎች ስለማይጠፉ የጾም ምግብም አይቅር።

ፕሮግራሙን በተመለከተ የምመክረው ማይክራፎኑን እንድትጠብቁ ነው። «እያንዳንዱ ተነሥቶ ራሱን ያስተዋውቅ፣ የት እንደሚሠራም ይንገረን» የሚለው ልማድ ጓደኛዎን የሚያስፈራት ራሱ ነውና ፈጽሞ አይኑር። ደረት ላይ በሚለጠፈው ካርድ ስም፣ ቅጽል ስምና የዘጠነኛ ክፍል ሴክሽን ብቻ ይጻፍ፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ኮሎኔል የሚል ማዕረግ በዚያ ቀን ከግቢው በር ውጭ ይቆይ። ሰውን በሴክሽኑ አስቀምጡት፤ የተረፈውን ጨዋታው ራሱ ይሠራዋል። የስፖንሰር ንግግር፣ የፖለቲካ ንግግርና የሪል እስቴት ማስታወቂያ አይኑር፤ ይህን ግሩፑ ላይም ከአሁኑ ደንብ አድርጉት። ከውጭ በቪዲዮ የሚገቡትን ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ አስገቧቸው፤ አዳማ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስለሆነ ያ ሰዓት ለሁለቱም ይመቻል።

መምህራኖቻችሁ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ ብዙ ይሆናሉ። ለእያንዳንዳቸው ከቤት ወስዶ የሚያመጣና የሚመልስ አንድ የቀድሞ ተማሪ መድቡ። ጋቢ ማልበሱ መልካም ነው፤ ጡረታ ለሚኖር ሰው ግን ከጋቢው ጋር በፖስታ የታሸገ ገንዘብ፣ ያለ ጭብጨባ፣ በመኪናው ውስጥ ቢሰጠው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የሞቱትን ስም ስታነቡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ስም ከሁለት የቅርብ ሰዎች አረጋግጡ፤ «ሞቷል» ተብሎ የተነበበ ሰው ሐዋሳ ውስጥ በሕይወት ሲገኝ ሳቅ ይመስላል እንጂ ለቤተሰቡ ሳቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ማንም የሞቱበትን ምክንያት እንዳያነሣ። ነጻው የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የእናንተን ትውልድ ምን እንደመታው ሁሉም ያውቃል፤ ልጆቻቸው ዛሬ በዚያው ከተማ ትዳር ይዘው ይኖራሉ። ስምና የአባት ስም ተነቦ፣ ሁሉም ቆሞ፣ ጥቂት ጸጥታ ከተደረገ ይበቃል።

ለትምህርት ቤቱ ስጦታ መስጠት እንደምትፈልጉ እገምታለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ገንዘብ አታሰባስቡ። ጨረታና ቃል ማስገባት የተጀመረበት ድግስ የጓደኞች መሆኑ ያበቃል። ርዕሰ መምህሩን ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቁ፤ መልሱ ኮምፒዩተር ሳይሆን የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ወይም የውኃ ታንከር ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ለብቻው በሌላ ወር ተነጋገሩበት።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ስም አታስቀምጡ። በሦስት ሰዎች ስም፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ አዳማ የሚኖር ይሁን። በቴሌብር የሚገባውንም ገንዘብ ያዡ በየሳምንቱ ወደዚያ ሒሳብ ያስተላልፈው። ድግሱ ባለፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገቢና ወጪው ከነደረሰኙ ግሩፑ ላይ ይውጣ፤ ተራፊ ካለ ለታመመ ወይም ሐዘን ለደረሰበት የባቹ ልጅ መጠባበቂያ ሆኖ እዚያው ሒሳብ ውስጥ ይቆይ፤ ማን እንደተረዳበት ግን ሦስቱ ፈራሚዎች ብቻ ይወቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ አዘጋጅ